ጥያቄና መልስ፦ ለማድመቂያ የተጠራ ወጣት

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ አንድ ጉዳይ ላይ ያጠነጥናሉ። በአፍሪካ የልማት ሥራ ወጣቶችና አዋቂዎች አብረው ሲሠሩ ወሳኙ ማን ነው? አምስቱን መርጫለሁ። ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የወጣቶች ማኅበር አባል ነኝ። ትልልቅ ድርጅቶች ለስብሰባ ይጠሩናል። ቲሸርት ያለብሱናል፣ ፎቶ ያነሱናል። በጀት ላይ ሲደረስ ግን “እናንተ ሻይ ጠጡ” ተብለን እንወጣለን። መሄድ እናቁም?

መልስ፦ አታቁሙ፤ ግን እንደ እስካሁኑ አትሂዱ። ሮጀር ሃርት የተባለ ምሁር በ1992 በዩኒሴፍ በኩል ባወጣው ጽሑፍ የልጆችንና የወጣቶችን ተሳትፎ ስምንት እርከን ባለው መሰላል አስቀምጦታል። የታችኞቹን ሦስቱን ከነጭራሹ ተሳትፎ አይላቸውም፦ መጠቀሚያ መሆን፣ ማድመቂያ መሆንና የይስሙላ ውክልና። ቲሸርታችሁ ሁለተኛው ላይ ናት። የላይኛው እርከን ደግሞ አዋቂዎቹን ማባረር አይደለም። ሐሳቡ ከወጣቶቹ ይመጣል፣ ውሳኔው የጋራ ይሆናል።

ሕጉም ከእናንተ ጋር ነው። የአፍሪካ ኅብረት በ2006 በጋምቢያዋ ባንጁል አጽድቆት በ2009 ሥራ ላይ የዋለው የአፍሪካ የወጣቶች ቻርተር፣ አንቀጽ 11 ላይ ወጣት በማንኛውም የኅብረተሰብ ዘርፍ የመሳተፍ መብት እንዳለው ይናገራል። ቻርተር መጥቀስ ብቻውን ግን በር አይከፍትም። ከሚቀጥለው ስብሰባ በፊት አጀንዳውና ረቂቅ በጀቱ እንዲላክላችሁ በደብዳቤ ጠይቁ። አንድ ሰው ብቻ አትላኩ፤ ብቻውን የገባ ወጣት በቀላሉ ይሸማቀቃል። ሁለት ሁኑ። ካልተስማማችሁ ተቃውሟችሁ ቃለ ጉባኤ ላይ ይስፈር። በጀቱን ስታዩ መጀመሪያ የወጣቶቹን ትራንስፖርት ፈልጉ። “ልዩ ልዩ ወጪ” ሥር ተሸጉጦ ካገኛችሁት፣ እቅዱ ሲወጣ ማን እንዳልነበረ ገብቷችኋል ማለት ነው። ሻይ ጠጡ ሲሏችሁም፣ ሻዩ እዚያው ይምጣላችሁ።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ የግብርና ባለሙያ ነኝ። በእርሻ የተደራጁ ወጣቶችን ላግዝ ብል “የድሮ ሰው” እያሉ ያልፉኛል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ “የድሮ ሰው” ማለታቸው ብልግና ነው፤ እሱን አልሟገትላቸውም። ግን የዚምባብዌ አያቶችን ይመልከቱልኝ። የአእምሮ ሐኪሙ ዲክሰን ቺባንዳ በ2006 ሐራሬ ውስጥ፣ ምባሬ በሚባል ሰፈር፣ ከ14 አያቶች ጋር ሥራ ጀመረ። አያቶቹ ሠልጥነው በጤና ጣቢያ ግቢ የእንጨት አግዳሚ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። ጭንቀት የያዘው ሰው መጥቶ አጠገባቸው ይቀመጣል። ታዲያ ምክር ማዝነብ የለም። ይጠይቁታል፤ ካሉበት ችግሮች አንዱን ራሱ ይመርጣል፣ መፍትሔውን አብረው ይፈልጋሉ። በ2016 የታተመ ጥናት፣ በዚህ መንገድ የተረዱት ሰዎች ከስድስት ወር በኋላ የተለመደውን ሕክምና ብቻ ካገኙት በእጅጉ ተሽሏቸው እንደነበር አሳይቷል።

እርስዎም ምክር ይዘው አይሂዱ። “ዘንድሮ ምን አስቸገራችሁ?” ብለው ይጀምሩ። የአየር ትንበያውን ከስልካቸው ያገኙታል። የትኛው ማሳ በክረምት ውኃ እንደሚተኛበት ግን ስልኩ አይነግራቸውም። እርስዎ ያውቁታል። መሬት ሊከራዩ ሲሉ አብረዋቸው ማሳውን ይዙሩ፤ ያን ቀን ማን የድሮ ሰው እንደሚልዎት እናያለን።

ጥያቄ፦ 34 ዓመቴ ነው። ወጣት ነኝ?

መልስ፦ ቦታው ይወስነዋል። በቻርተሩ ወጣት ማለት ከ15 እስከ 35 ነው። የተባበሩት መንግሥታት ለስታቲስቲክስ 24 ላይ ያቆማል፤ የኢትዮጵያ የወጣቶች ፖሊሲ ደግሞ 29 ላይ። ስለዚህ አዲስ አበባ፣ አፍሪካ ኅብረት ግቢ ውስጥ ወጣት ነህ። ከበሩ ስትወጣ አርጅተሃል።

ጥያቄ፦ ፓርላማ ውስጥ ለወጣቶች ወንበር መመደብ ይጠቅማል?

መልስ፦ ይጠቅማል፤ ግን አይበቃም። ሩዋንዳ ከ80ዎቹ የታችኛው ምክር ቤት ወንበሮች ሁለቱን፣ ኡጋንዳ አምስት ወንበር ለወጣቶች መድበዋል። ናይጄሪያ በ2018 ለፕሬዝዳንትነት የሚያስፈልገውን ዕድሜ ከ40 ወደ 35፣ ለታችኛው ምክር ቤት ከ30 ወደ 25 ዝቅ አድርጋለች። ጥሩ ነው። ነገር ግን በ2022 የአገሪቱ ገዢ ፓርቲ ለፕሬዝዳንት ዕጩነት የሚወዳደሩ አባላቱን ቅጽ ያስገዛቸው በ100 ሚሊዮን ናይራ ነበር። ዕድሜውን ዝቅ ማድረግ ቀላሉ ሥራ ነው። ዋጋው ሲወርድ ያን ጊዜ አምናለሁ።

ጥያቄ፦ ልጄ አንድ ድርጅት ውስጥ በበጎ ፈቃድ ሲሠራ ዓመት ሊሞላው ነው። አምስት ሳንቲም አይሰጡትም። እየተበላ ነው?

መልስ፦ እትዬ፣ ደሞዝ አለመክፈል ሌላ፣ ከኪስ ማስወጣት ሌላ። ከ18 እስከ 35 ዓመት የሆኑ ወጣቶችን የሚያሰማራው የአፍሪካ ኅብረት የበጎ ፈቃደኞች ቡድን እንኳ መተዳደሪያ አበል ይሰጣል። ታክሲውንና ምሳውን እርስዎ እየከፈሉ ከሆነ፣ ለድርጅቱ ገንዘብ እየሰጡ ያሉት እርስዎ ነዎት። የሥራ ድርሻውንና ማብቂያ ቀኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ይጠይቃቸው። እምቢ ካሉ ሌላ ቦታ ይሞክር።