ማስተርሴን በምን ልያዝ? ለደንበጫዋ የፊዚክስ መምህርት

ጥያቄሽ ባጭሩ ይህ ነው። ደንበጫ አካባቢ ሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ ታስተምሪያለሽ። ማስተርስ መማር ፈልገሻል፤ ልብሽ በኮምፒውተርና በስልክ ታግዞ ማስተማርን ወደሚያጠናው ወደ ዲጂታል ለርኒንግ አድልቷል። ባልደረቦችሽ ግን «ኮምፒውተር ጠጋኝ ልትሆኚ ነው? ፊዚክስሽን አትማሪም እንዴ!» ይሉሻል። ኮምፒውተር ላይም ያን ያህል አይደለሁም ብለሻል። ትንሽ ልጅም አለሽ።

እህቴ፣ እኔም ዓመታት ቾክ ይዤ ነው ወደዚህ የመጣሁት፤ የተማርኩትም ይህንኑ ዲጂታል ለርኒንግ ነው። ከክፍልሽ ይዘሽው የምትሄጂው ጥያቄ ካለሽ ግቢበት። ከሌለሽ ፊዚክሱ ይሻልሻል።

ትምህርቱ ሰዎቹ እንደሚያስቡት የማሽን ትምህርት አይደለም። ሰው እንዴት ይማራል፣ ትምህርቱ እንዴት ቢሰናዳ ይገባዋል፣ መግባቱስ በምን ይታወቃል የሚለው ነው ዋናው። ኮምፒውተሩ ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው።

በ1996 ዓ.ም. ፕላዝማ የሚባለው የቴሌቪዥን ትምህርት ወደ ሁለተኛ ደረጃ ክፍሎች ሲገባ አስተማሪ ነበርኩ። ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ተዘጋጅቶ በሳተላይት ይመጣል፤ በእንግሊዝኛ፣ ያውም በፍጥነት። ልጁ እጁን ቢያወጣ የሚያየው የለም፣ አልገባኝም ቢል አይቆምለትም፣ እኔ ደግሞ ጎኑ ቆሜ መግቢያና መጨረሻ ላይ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይደርሰኛል። የሆነ ነገር እንደጎደለ ሁላችንም ይታወቀን ነበር። ምን እንደሆነ ለይቶ መናገር ግን ሌላ ነገር ነው። ማስተርሱ መጀመሪያ የሰጠኝ ይህንን ነው። ስክሪኑ ያሳያል፣ ልጁ ያያል፣ ደወል ይደወላል፤ በመሀል ልጁ ምንም እንዲሠራ አልተጠየቀም። ከዚያ ወዲህ ቪዲዮም ሆነ አፕ ወይም የቴሌግራም ቻናል ሳይ ቀድሜ የምጠይቀው «እዚህ ጋ ልጁ ምን ይሠራል? ሲሳሳትስ ማን ይነግረዋል?» ብዬ ነው። በትምህርቱ አደግሁ የምለው እዚህ ላይ ነው፤ ወረቀቱ ቀጥሎ ይመጣል።

ለጎጃም ሰው ይህ እንግዳ አይደለም። ዋሸራም በይው ጎንጅ፣ የቅኔ ተማሪ ሰምቶ ብቻ አይሄድም። ከመጀመሪያውና ከአጭሩ ቅኔ ከጉባኤ ቃና ጀምሮ ራሱ ቆጥሮ፣ ማለትም ቅኔውን ራሱ አዘጋጅቶ ይመጣል፣ ለመምህሩ ወይም ለአስነጋሪው ይነግራል፣ እዚያው ይታረማል፣ በማግስቱ ሌላ ይቆጥራል። ዲጂታል ለርኒንግ ላይ ፊድባክ ተብሎ ምዕራፍ ሙሉ የሚጻፍለት ነገር እኛ ዘንድ ስንት ዘመን ሲሠራበት ኖሯል። ክፍል ውስጥ ስትማሪ ይህንን አንሺ፣ አትፈሪ። የውጭ አገር መጽሐፍ ብቻ እያነበቡ ከሚወያዩ ሰዎች መሀል የራስሽ የምትናገሪው ነገር ይኖርሻል።

ትምህርት የማሰናዳት ሥራ ላይ አዲ የሚሉት አካሄድ አለ። በ1975 እ.ኤ.አ. ፍሎሪዳ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ለአሜሪካ ጦር ሥልጠና የተነደፈ ነው፤ ትንተና፣ ንድፍ፣ ዝግጅት፣ ትግበራ፣ ግምገማ እያለ ይሄዳል። አራቱን እዚያው ትደርሽባቸዋለሽ። የመጀመሪያውን ግን ዛሬውኑ ክፍልሽ ውስጥ መጀመር ትችያለሽ። ስንቱ ልጅ ስልክ አለው? ስማርት ነው ወይስ በቁልፍ የሚሠራው? ከገጠር ቀበሌ መጥቶ ቤት ተከራይቶ የሚማረው፣ ቅዳሜ ስንቁን ሊያመጣ በእግሩ የሚሄደው ልጅ፣ ማታ የሚያነብበት መብራት አለው? ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለረዥም ጊዜ ጠፍቶ መክረሙንም አንቺ ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ። ስለዚህ ኔትወርክ ሲኖር ብቻ የሚሠራ ትምህርት ለአንቺ ተማሪዎች ትምህርት አይደለም።

ለፊዚክስ ደግሞ ያለ ኔትወርክ የሚሠራ ጥሩ ነገር አለ። ፌት (PhET) የሚባሉት ሲሙሌሽኖች፣ ማለትም ሙከራን ኮምፒውተር ላይ አስመስለው የሚያሠሩ ፕሮግራሞች፣ በነፃ ይገኛሉ። በ2001 እ.ኤ.አ. በፊዚክስ ኖቤል ከተሸለሙት አንዱ ካርል ዊማን በ2002 ኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያስጀመራቸው ናቸው። ኔትወርክ ባገኘሽበት ቀን አውርደሽ ላፕቶፕሽ ላይ ታስቀምጫለሽ። ባትሪ፣ ሽቦና አምፖል እያገናኙ ልጆቹ ራሳቸው ሰርኪዩት ይሠራሉ፤ ሲሳሳቱ አምፖሉ አይበራም፣ በቃ፣ መልሱን እዚያው አገኙት። ላብራቶሪ ለሌለው ትምህርት ቤት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ኮምፒውተር አልችልም ያልሽውም ከዚህ አያልፍም፤ ማውረድና መክፈት ከቻልሽ ሌላው በሥራ ይመጣል።

አሁን ጥያቄ ስልሽ ምን ማለቴ እንደሆነ ልንገርሽ። «የቴክኖሎጂ ሚና በትምህርት ጥራት ላይ» የሚል ርዕስ ይዘሽ እንዳትሄጂ። ብዙ ሰው በዚህ ርዕስ ይመረቃል፤ ወደ ክፍሉ ሲመለስ ግን የሚለውጠው ነገር የለም። ይልቅ እንዲህ በይ፦ የ10ኛ ክፍል ልጆቼ ከረንት (የኤሌክትሪክ ፍሰት) አምፖሉ ውስጥ ሲያልፍ ያልቃል ብለው ለምን ያስባሉ? በአንድ ላፕቶፕና በአንድ ፕሮጀክተር፣ ልጆቹ አስቀድመው እየገመቱ ሲሙሌሽኑን ቢያዩት ሐሳባቸው ይለወጣል ወይ? ጠባብ ነች፣ ግን ያንቺ ነች። አማካሪሽ ሲያርምሽ፣ ሲደልዝብሽ፣ እንደገና ጻፊ ሲልሽ የምትጸኚው ጥያቄው የራስሽ ሲሆን ነው። ዓመታት አስተምሮ እንደገና ተማሪ መሆን ያማል። ግን እየታረሙ መማር ምን እንደሚመስል ካየሽ በኋላ የተማሪሽን ደብተር የምታርሚበት እጅ ራሱ ይለወጣል።

ወደ ተግባሩ ልምጣ። ደብረ ማርቆስ ይቀርብሻል፤ እንጅባራና ባሕር ዳርም አሉ። የባሕር ዳሩ ፔዳ ግቢ ስሙን ያገኘው በ1972 እ.ኤ.አ. ከተቋቋመው የፔዳጎጂ አካዳሚ ነው፤ መምህራን በማሠልጠን የቆየ ቤት ነው። የፕሮግራሙን ስም ብቻ አትይ፣ የኮርሶቹን ዝርዝር ጠይቂ። የትምህርት ንድፍ፣ ምዘናና የጥናት ዘዴ ከሌሉበት፣ የሶፍትዌር ስም ብቻ ከተደረደረበት፣ እለፊው። ለብሔራዊው የድህረ ምረቃ መግቢያ ፈተናም ከአሁኑ ተዘጋጂ።

ከሁሉ በፊት ግን ወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሂጂ። የፊዚክስ መምህርት በዚህ ሙያ ማስተርስ ብትይዝ ለደረጃ ዕድገትና ለደመወዝ ይያዝላታል ወይ ብለሽ ጠይቂ። በቃል «ችግር የለውም» ቢሉሽ አትመለሺ፤ በደብዳቤ ይስጡሽ። ተምረው መጥተው «ከምታስተምሩት ጋር አይገናኝም» የተባሉ መምህራን ገጥመውኛል፤ ያሳዝናል፣ አንቺ ላይ እንዲደርስ አልፈልግም። አይያዝም ካሉሽ ፊዚክሱን ያዢና መመረቂያሽን በፊዚክስ ማስተማር ላይ ሥሪ፤ ጥያቄሽ እዚያም ይሠራል።

የልጅሽን ነገር ደግሞ በኋላ ይታያል አትበይ። የክረምት ፕሮግራም ከሆነ ክረምቱን በሙሉ ከቤት ትርቂያለሽ፤ ልጁን ማን ይይዛል፣ እናትሽ ይመጣሉ ወይስ ይዘሽው ሄደሽ ቤት ትከራያለሽ? ከባለቤትሽ ጋር ቁጭ ብላችሁ፣ የኪራዩን ብር ጭምር ቆጥራችሁ፣ ከምዝገባው በፊት ጨርሱት።