ከወንዝ በላይ የሚበላ እራት፦ ስለ ኪዮቶ «ዩካ» ጥያቄና መልስ

በጃፓኗ ኪዮቶ፣ በሙቀቱ ወራት፣ ከወንዝ በላይ በተዘረጋ «ዩካ» በተባለ የእንጨት ርብራብ ላይ ተቀምጦ ስለመመገብ ለቀረቡልኝ ጥያቄዎች ከዚህ በታች መልስ እሰጣለሁ።

ጥያቄ፦ ልማዱ እንዴት ተጀመረ?

መልስ፦ ኪዮቶ በሦስት በኩል በተራራ የታጠረች ረባዳ ከተማ ስለሆነች፣ እኛ ዘንድ ክረምት በሚሆንባቸው በጁላይና በኦገስት፣ እርጥበት ያዘለው ሙቀት ቤት ውስጥ አያስቀምጥም። በ16ኛው መቶ ዘመን መገባደጃ የጃፓን ገዥ የነበረው ቶዮቶሚ ሂዴዮሺ በከተማዋ በሚያልፈው በካሞ ወንዝ ላይ ያሉትን «ሳንጆ» እና «ጎጆ» የተባሉ ድልድዮች ካሠራ በኋላ አካባቢው ገበያና ትርዒት የሚደምቅበት ሆነ፤ ነጋዴዎችም ለባለጸጋ እንግዶቻቸው ውኃው ዳር መቀመጫ ያሰናዱ ጀመር።

ጥያቄ፦ ርብራቡ በእርግጥ ከወንዙ በላይ ነው?

መልስ፦ በካሞ ዳርቻ እንደዚያ አይደለም። ርብራቡ የቆመው ከዋናው ወንዝ ጎን በምዕራቡ ዳርቻ በሚፈሰው ሚሶሶጊ በተባለ ጠባብ ቦይ ላይ ሲሆን፣ ካሞ ከፊት ለፊት ይታያል። ከከተማው በስተሰሜን፣ በተራራው ውስጥ ባለችው ኪቡኔ ግን መደቡ በቀጥታ ከጅረቱ በላይ፣ እጅ ቢዘረጋ ውኃውን ሊነካ በሚችልበት ከፍታ ላይ ይነጠፋል። እዚያ ስሙም «ካዋዶኮ» ይባላል።

ጥያቄ፦ በምሥራቁ ዳርቻ ለምን የለም?

መልስ፦ ቀድሞ ነበረ። እ.ኤ.አ. በ1915 የባቡር ሐዲዱ በዚያ በኩል እስከ ሳንጆ ሲዘረጋ ቦታው ጠፋ። በምዕራቡ በኩል የነበረውንም የ1934ቱ ታላቅ አውሎ ነፋስና የ1935ቱ ጎርፍ ጠራርገውት ነበር፤ ዛሬ የምናየው ከዚያ በኋላ ዳግም የተሠራው ነው።

ጥያቄ፦ ምን ይቀርባል?

መልስ፦ በየተራ በትንንሽ ሳህን የሚመጣ ማዕድ ነው፤ የወቅቱ ንጉሥ ግን «ሃሞ» የተባለው እባብ መሰል የባሕር ዓሣ ነው። ኪዮቶ ከባሕር ርቃ ሳለች ሃሞ የተወደደው ከውኃ ወጥቶም ረጅም መንገድ በሕይወት የሚዘልቅ ጠንካራ ዓሣ በመሆኑ ነው። ሥጋው ግን በጥቃቅን አጥንት የተሞላ ስለሆነ፣ ወጥ ቤቱ በከባድ ቢላዋ ቆዳውን ሳይበጥስ በየሦስት ሴንቲ ሜትሩ ሃያ አራት ጊዜ ያህል ይተለትለዋል፤ ቢላዋው አጥንቱን ሲቆርጥ የሚያሰማው የማያቋርጥ «ክርች ክርች» አሁንም በጆሮዬ አለ። የተተለተለው ሥጋ የፈላ ውኃ ሲነካው እንደ ነጭ አበባ ይፈካል፣ ወዲያው በበረዶ ቀዝቅዞም በኮምጣጣ የፕለም ማባያ ይቀርባል። በእኔ ግምት ከዚህ የሚሻል የሙቀት ወቅት ምግብ የለም።

ጥያቄ፦ በፍልሰታ ጾም ብሄድ የምበላው አገኛለሁ?

መልስ፦ ዓሣ ለማይበላ ሰው ብርቱ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም የአትክልቱ ወጥ ሳይቀር በአብዛኛው የሚሠራው ከደረቀ የቦኒቶ ዓሣ በወጣ መረቅ ነው። የቡድሃ መነኮሳት የሚመገቡት «ሾጂን» የተባለ ከእንስሳት ነጻ ማዕድ ግን አለ፤ መረቁም ከባሕር አረምና ከደረቀ እንጉዳይ ይወጣል። ቦታ ሲያዝ አስቀድሞ ማሳወቅ ግድ ነው።

ጥያቄ፦ ቢዘንብስ?

መልስ፦ በካሞ ዳርቻ ያሉት ቤቶች እንግዳውን ወደ ውስጥ ያስገባሉ። ኪቡኔ ጅረቱ ከሞላ መደቡ ይዘጋል።

ጥያቄ፦ መቼና የት ይሻላል?

መልስ፦ ወቅቱ ከሜይ መጀመሪያ ቢያንስ እስከ ሴፕቴምበር መጨረሻ ነው። በካሞ ዳርቻ ምሳ በሜይና በሴፕቴምበር ይመረጣል፣ በመካከሉ ፀሐይዋ ስለምትከብድ። በኦገስት ለሚሄድ ሰው ምሳውን በኪቡኔ ዛፎች ጥላ ሥር፣ እራቱን ደግሞ መብራት ሲበራ በካሞ ዳር እንዲያደርግ እመክራለሁ።