ዘፈን ጸሐፊው ሐኪም

ጥያቄ፦ የድሮ የህንድ ፊልም ዘፈን ነፍሴ ነው። ግጥም ጸሐፊው ማጅሩህ ሱልጣንፑሪ ታስሮ ነበር የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው። በግጥሙ ጠቅላይ ሚኒስትር ኔህሩን ሸንቆጥ አደረገ። ይቅርታ ጠይቅ ሲባል አሻፈረኝ አለ፤ ወህኒ ወረደ።

ሰውየው ድሮውንም ግትር ነው። የተማረው የባህል ሕክምና ነበር። በ1945 እ.ኤ.አ. ቦምቤይ የኡርዱ ግጥም ሲያነብ ፕሮዲዩሰሩ ካርዳር ሰማውና ለፊልም ጻፍልኝ አለው። እምቢ! ፊልምን ንቆ ነበር። ያግባባው አንጋፋው ገጣሚ ጂጋር ሞራዳባዲ ነው። ከዚያ የዜማ ደራሲው ናውሻድ ዜማ ሰጥቶ ፈተነው፤ አለፈ።

እኔን የሚገርመኝ ዕድሜው ነው። በ1988 እ.ኤ.አ. ወጣቶች ያበዱለትን «ፓፓ ኬህቴ ሄን» የተባለ የፊልም ዘፈን ሲጽፍ ወደ 70 ተጠግቶ ነበር። የህንድ ፊልም ትልቁን ሽልማት፣ ዳዳሳሄብ ፋልኬን፣ ከዘፈን ግጥም ጸሐፊዎች መጀመሪያ ያገኘውም እሱ ነው።