ለግዕዝ መምህር የውጭ ሥልጠናና ስኮላርሺፕ፦ ከየኔታህ ወረቀት ጀምር

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አንብቤ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። «ቅኔ ቤት ተምሬ በመምህሬ ዘንድ አስመስክሬያለሁ፣ በፊሎሎጂ (በጥንታዊ ጽሑፎች ጥናት) ማስተርስ አለኝ፣ ኮሌጅ ውስጥ ግዕዝ አስተምራለሁ፤ ውጭ አገር ሥልጠና ወይም ስኮላርሺፕ ለማግኘት ከየት ልጀምር?» ብለሃል። ከላይ የመለሱልህ ሁሉ ሊንክ ነው የላኩልህ። ሊንኩ አይከፋም። ግን ሊንክ ሰብስቦ የተቀመጠ ሰው ሞልቷል። እኔ ካንተው ቤት ነኝ። ጎጃም ቅኔ ቤት አድጌ፣ ስድስት ኪሎ ማስተርሴን ጨርሼ፣ ጀርመን የብራና ጥናት ሠልጥኜ መጥቻለሁ። እኔን ያንገላታኝ ነገር አንተንም እንዳያንገላታህ የማውቀውን ልንገርህ።

1ኛ፦ የየኔታህን ወረቀት ዛሬ ነገ ሳትል አጽፍ።

የማስተርስ ውጤትህ ከሌላው አመልካች አይለይህም። የሚለይህ ቅኔ ቤት ያሳለፍከው ዘመን ነው። ውጭ አገር ያሉት ምሁራን የግዕዝ ሰዋስው ጠንቅቀው ያውቃሉ። ከጉባኤ ቃና እስከ ዕጣነ ሞገር ያለውን የቅኔ ዓይነት በየዕለቱ ሲቆጥር (በልቡ ሲያዘጋጅ) አድሮ ጠዋት የሚዘርፍ (አዲስ ቅኔ በቃሉ የሚያሰማ) ሰው ግን እምብዛም አያገኙም። ይህንን ያውቁታል፣ ያከብሩታልም። ችግሩ ያለው እዚሁ እኛ ዘንድ ነው። ያን ሁሉ ዘመን የሚያሳይ አንዲት ወረቀት በእጃችን የለም።

እኔ ያመለከትኩበት ቦታ ከዩኒቨርሲቲ ውጭ የተማርኩትን በማስረጃ አስደግፍ አለኝ። የኔታ ዘንድ ሄድኩ። ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል። በጣም ደስ አላቸው። አንዱን ደቀ መዝሙር ከእግራቸው ሥር አስቀምጠው በግዕዝ አጻፉት። ወንበሩን ከማን እንደተረከቡ፣ እኔ መቼ እንደገባሁ፣ ከቅኔው ደረጃዎች መቼ መወድስ ቤት እንደደረስኩ፣ መቼ ሙሉ ቤት እንደሆንኩ፣ መቼ እንዳስመሰከርኩ፣ ሁሉንም። ሲያልቅ አውራ ጣታቸውን ቀለም አስነክረው አተሙበት። ደብሩ ማኅተም አደረገበት፣ ሀገረ ስብከቱም አደረገበት።

ያንን ይዤ ሰነድ ወደሚያረጋግጥ አንድ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። መስኮቱ ላይ ያለው ልጅ ወረቀቱን አገላበጠው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የቅኔ ምስክር ወረቀት ነው።»

«በምን ቋንቋ ነው?»

«በግዕዝ።»

«በሥራ ቋንቋ ተጽፎ ይምጣ። ደግሞ ይሄ የቤተ ክርስቲያን ጉዳይ ነው እንጂ ትምህርት አይደለም» ብሎ ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋው። ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። ኃላፊዋ ዘንድ ገባሁ። እሷም «ሲስተም ላይ የለም» ብላ ሸኘችኝ።

ይህንን ስጽፍልህ አሁንም ያንገበግበኛል። መጽሐፈ ሄኖክና መጽሐፈ ኩፋሌ ሙሉ ሆነው የተረፉት በግዕዝ ብቻ ነው። እነሱን የሚያጠና ሰው፣ አይሁዳዊም ይሁን ጀርመናዊ፣ ወደዚህ ቋንቋ ሳይመጣ አይሆንለትም። በአገሩ መስኮት ላይ ሲደርስ ግን «ትምህርት አይደለም» ተባለ።

በአማርኛ አስገልብጬ ላስፈርም ስመለስ የኔታ አርፈዋል። ነፍሳቸውን ይማር። የማመልከቻውም ቀን አለፈና ወደ ሚቀጥለው ዓመት ተገፋሁ። በኋላ ወንበራቸውን የተረከቡት መሪጌታ በአማርኛ ጻፉልኝ፣ ሀገረ ስብከቱ በደብዳቤ ደገፈው፣ ሕጋዊ ተርጓሚ ወደ እንግሊዝኛ መለሰው። የየኔታን የግዕዝ ወረቀት ግን አልተውኩትም፤ ከላይ አያይዤ ላክሁት። ቃለ መጠይቅ ላይ ፕሮፌሰሩ መጀመሪያ ያነሡት ስለ እሱ ነበር። «እኚህን ሰው የት አገኛቸዋለሁ?» ነው ያሉኝ።

ያንተም የኔታ እንደ እኔው የኔታ በዕድሜ የገፉ ይሆናሉ። በሕይወት ካሉ በመጪው ቅዳሜ ተነሥተህ ሂድ። በግዕዝም በአማርኛም ይጻፍ። የገባህበትና ያስመሰከርክበት ወርና ዓመት በኢትዮጵያም በአውሮፓም አቆጣጠር ይኑርበት። የተማርከው በዝርዝር ይቀመጥ፤ ዜማውን፣ ግሱን፣ አገባቡን፣ የቅኔውን ዓይነት ሁሉ። «ቅኔ ተምሯል» የሚል አንድ መስመር ለማያውቅ ሰው ምንም አይነግረውም።

2ኛ፦ ስምህን አስተካክል። እንደ ገብረ ማርያም፣ ወልደ ጊዮርጊስ ያለ ስም ካለህ ጉድ ነው የሚፈላብህ። ዲግሪው ላይ ተጣብቆ፣ ፓስፖርቱ ላይ ተለያይቶ ይመጣል። ሲለያይ «ገብረ» ያንተ ስም፣ «ማርያም» የአባትህ ስም ሆኖ ያርፈዋል። የቤተ ክርስቲያን ወረቀት ላይ ደግሞ ማዕረግና የክርስትና ስም ይጨመራል። ሦስት ሰነድ፣ ሦስት ሰው። ስለዚህ የኔታ ዘንድ ስትሄድ የፓስፖርትህን ኮፒ ያዝ። ስምህ ልክ እንደዚያ ይጻፍ፣ የክርስትና ስምህ ከሥሩ «በክርስትና ስሙ እገሌ የሚባለው» ተብሎ ይግባ።

3ኛ፦ ጊዜህን ቁጠር። ስኮላርሺፕ የሚሰጠው የጀርመኑ ዳአድ (DAAD) ብዙውን ጊዜ የመጨረሻ ዲግሪህን ከያዝክ ከ6 ዓመት በላይ እንዳይሆን ይፈልጋል። ብዙ የግዕዝ መምህር ይህንን ሳያውቅ «ትንሽ እንግሊዝኛዬን ላሻሽል» እያለ ቀኑ ያልፍበታል። እንግሊዝኛውን ከማመልከቻው ጋር ጎን ለጎን አስኪደው። የምርምር ሐሳብህ ላይ የእኛን መዝገበ ቃላትም የእነሱንም ጥቀስ። የጀርመናዊው ምሁር የዲልማን የግዕዝ መዝገበ ቃላት በ1865 እ.ኤ.አ. የታተመው በላቲን ነው፤ የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ደግሞ በ1948 ዓ.ም. ወጥቷል። ሁለቱንም እያስተያየ የሚሠራ ሰው እንደሚፈለግ እኔ እዚያው ሆኜ ነው ያየሁት።

ከሁሉ በላይ ለእኔ በር የከፈተው ግን ናሙና ካታሎግ፣ ማለትም የአንድ ብራና ዝርዝር መግለጫ ነው። ይህንን ማንም አልነገረኝም፣ በራሴ ነው የደረስኩበት። አሜሪካ ሚኒሶታ ያለው የሂል ሙዚየምና የብራና ቤተ መጻሕፍት ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ8,000 በላይ የኢትዮጵያ ብራናዎች በማይክሮፊልም ተነሥተው ቅጂያቸው የሚገኝበት ቤት ነው። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ አብዛኛውን ዕድሜያቸውን የሰጡት ለዚያ ሥራ ነው፤ በ1988 እ.ኤ.አ. የማክአርተር ሽልማት የተባለው የአሜሪካ ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። ብዙዎቹ ብራናዎች ዛሬ በኢንተርኔት ይነበባሉ። መመዝገብ እንጂ መክፈል የለም፤ ደብዳቤ የለም፤ መስኮት የለም።

አንድ ብራና ምረጥ። ስንት ቅጠል፣ በገጽ ስንት ዓምድ፣ በዓምድ ስንት መስመር እንዳለው መዝግብ። ጽሕፈቱ የየትኛው ዘመን እንደሚመስልና ለምን እንደሚመስል ጻፍ። ስሙ ተፍቆ በላዩ የሌላ ባለቤት ስም የተጻፈበት ካለ እሱን አትለፈው። ኅዳጉ ላይና ባዶ ቅጠሎቹ ላይ የርስት ክርክር፣ የስጦታ ውል፣ የደብሩ ዕቃ ዝርዝር አይጠፋም። እኔ አንድ የተአምረ ማርያም ብራና እንዲህ አድርጌ ገልጬ ከማመልከቻዬ ጋር ላክሁ።

ከዚያ ሥልጠናው ላይ የሆነውን ስማ። አንድ ቀን የገድል መጽሐፍ ምስል አወጡልን። መጨረሻው ላይ ከሌላ መጽሐፍ ተቀድዶ ለመሸፈኛ የተሰፋ ቅጠል አለ። ከላይ እስከ ታች ግማሹ ተቆርጧል። ልጆቹ የቀረውን ፊደል በደንብ አነበቡት፣ ግን ከምን መጽሐፍ እንደሆነ ጠፋቸው። እኔ ያየሁት ከፊደሉ በላይ ያለውን ነው። የዜማ ምልክቶቹ፣ ድፋቱ፣ ጭረቱ፣ ርክርኩ፣ ደረቱ ደቃቅ ሆኖ ተደርድሯል። ጾመ ድጓ፣ የዐቢይ ጾምን የዜማ መጽሐፍ፣ የተማርኩት ቅኔ ከመግባቴ በፊት ነው፤ ምልክቱን ሳየው ዜማው ቀድሞ አፌ ላይ መጣ። «የጾመ ድጓ ቅጠል ነው፣ የዘወረደ እሑድ ነው» አልኳቸው፤ የዐቢይ ጾም የመጀመሪያው እሑድ ማለት ነው። የተቆረጠውንም ግማሽ እያዜምኩ አሟላሁላቸው። መምህሯ ተነሥታ ሰሌዳው ላይ ጻፈችው። በማግሥቱ ስለ ዜማ ምልክቶች እንዳስተምራቸው ጠየቁኝ፤ አስተማርኩ። የኔታ በሕይወት ኖረው ይህንን ብነግራቸው እንዴት ደስ ባለኝ።

ሃምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ «ቤተ መጻሕፍት» የሚባለው ፕሮጀክት በ2016 እ.ኤ.አ. የተጀመረ ነው፤ እስከ 2040 እንዲቆይ ታስቦ የተነደፈ ነው። የኢትዮጵያና የኤርትራ ብራናዎችን መረጃ በኤክስኤምኤል (ኮምፒውተር በሚያነበው የምልክት አጻጻፍ) እየጻፉ ለሁሉም ክፍት ያደርጋሉ። የአሠራር መመሪያቸውም ክፍት ነው። ኤክስኤምኤል ስልህ አትደንግጥ፤ የግዕዝ ግስ በቃሉ ያወረደ (አጥንቶ የዘለቀ) ሰው አይከብደውም። ናሙናህን በእነሱ መመሪያ መልክ ከጻፍከው በእነሱ ቋንቋ አናገርካቸው ማለት ነው። «ኤቲዮፒካ» የተባለውም መጽሔት ከዚያው ከሃምቡርግ ነው የሚወጣው፤ በኢንተርኔት በነጻ ይነበባል።

ኮሌጅህ ለመምህራን ገንዘብ የለኝም ካለህ የብሪቲሽ ላይብረሪን የአደጋ ላይ ያሉ መዛግብት ፕሮግራም ተመልከት። ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ብራናና መዛግብት በዲጂታል ለማንሣት ገንዘብ ይሰጣል። ማመልከቻው ተቋም ይፈልጋል፤ ስለዚህ ኮሌጅህ ወረቀት ላይ ይግባ። ዋናው ብራና ከአገር አይወጣም፣ ይህ ሕጋቸው ነው። ለደብሩ ሽማግሌዎች ግን ይህንን አስቀድመህ፣ በትዕግሥት አስረዳ። በ1868 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ የተዘረፉት 350 ያህል ብራናዎች ዛሬም እዚያው ብሪቲሽ ላይብረሪ ናቸው። ዕቃ ቤት ጠባቂው ካሜራ ይዘህ ሲያይህ ቢጠረጥርህ እውነት አለው። አትቆጣ። የሀገረ ስብከቱን ደብዳቤ አሳየው፣ ብራናውን እሱ ራሱ ይግለጥ፣ አንተ አንሣ። ሥራው ሲያልቅ ቅጂው ለደብሩ ይሰጥ።

ተማሪዎችህን ደግሞ አትርሳቸው። ዕድሉ ሁሉ ለእኛ ብቻ አይደለም። ለእያንዳንዱ አንድ አንድ ብራና ስጥና እንዲገልጹ አድርግ፤ የተሻለውን በዓለም አቀፉ የኢትዮጵያ ጥናት ጉባኤ ላይ ከስምህ ጋር ስሙን አስገባለት። ጉባኤው በ1959 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ የተጀመረ ነው፤ አሁን በየሦስት ዓመቱ ይካሄዳል። ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግዕዝ ያስተምራል፤ እዚያ ያለው ወገናችን ገንዘብ አዋጥቶ፣ ዘፋኙ ዘ ዊኬንድም 50,000 ዶላር ሰጥቶ የቆመ ነው። ነገ እዚያ የሚያስተምረው ያንተ ተማሪ ሊሆን ይችላል።

እና ያ መስኮት ላይ ያለው ሰው «ይሄ ትምህርት አይደለም» ካለህ አትከራከረው። «ለምን እንዳልተቀበላችሁኝ በጽሑፍ ስጡኝ» በለው። እኔ በሁለተኛው ዙር እንዲህ ስል ነው ወረቀቴን ወደ ውስጥ ያስገቡት። ናሙና ካታሎግህን ስትጨርስ በውስጥ መስመር ላክልኝ፣ አይልሃለሁ። ዘመኑን የገመትክበትን ምክንያት ግን ሳትጽፍ እንዳትልከው።