ሰጋቱራ ከአፈሩ ጋር ቀላቅዬ ቲማቲሜ ቢጫ ሆነ ላልሽው

በሽታ አይመስለኝም። ጥፋቱ ሰጋቱራውን ቆፍረሽ ማስገባትሽ ነው። ሰጋቱራ ካርቦን እንጂ ናይትሮጅን (ተክሉን የሚያለመልመው ምግብ) እምብዛም የለውም። አፈር ውስጥ ሲገባ የሚያበሰብሱት ረቂቅ ሕዋሳት የጎደላቸውን ናይትሮጅን ከአፈሩ ይሻማሉ። ቲማቲሙ ጾሙን ያድራል። ቢጫነቱ ከታችኞቹ፣ ካረጁት ቅጠሎች ከጀመረ ነገሩ ይኸው ሳይሆን አይቀርም።

አሁን እንዲህ አድርጊ፦

1. ሰጋቱራውን ልልቀም ብለሽ እንደገና አትቆፍሪ። ሥሩን ትበጥሺዋለሽ።

2. በደንብ የበሰበሰ ፍግ ወይም ኮምፖስት ከላይ በትነሽ ውሃ አጠጪ። ቶሎ የሚደርስለት ከፈለግሽ 1 እጅ ሽንት በ10 እጅ ውሃ በጥብጠሽ አፈሩ ላይ አፍስሺ፤ ቅጠሉን አታስነኪ። (አዎ፣ ሽንት። ማዳበሪያ ተብሎ የሚሸጠው ዩሪያ እዚያም ውስጥ አለ።) ፍሬው ለመቀጠፍ ሲቃረብ ግን ተዪው።

3. ከእንግዲህ ሰጋቱራም ሆነ ገለባ ከላይ ብቻ ይነጠፍ። ጫካ ውስጥ የረገፈውን ቅጠል ማን ይቆፍርለታል? የመሬት ትሎች ቀስ እያሉ ወደ ታች ያወርዱታል።

ቢጫ የሆኑት ቅጠሎች ላይመለሱ ይችላሉ። አዲስ የሚወጡትን ተከታተዪ።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ጉዝጓዙን ግንዱ ድረስ አታስጠጊ፤ የመዳፍ ስፋት ያህል ክፍት ተዪለት። እኔ «ተፈጥሮ ታውቃለች» ብዬ ቃሪያዬን እስከ አንገቱ ቀበርኩት። እርጥበቱ ታምቆ ግንዱ በሰበሰ፣ ቀንድ አውጣም ሰፈረበት። ግማሹ እንደዚያው ሄደ።