ሶሌታ ላይ ካርበን ፋይበር ስለመለጠፍ፦ ሳቢያን ላለው ወንድማችን

ጥያቄህን አነበብኩት። ድሬዳዋ ሳቢያን ያለው ጂ ፕላስ ዋን ቤትህ ላይኛው ፎቁ የእህል መጋዘን ሊሆን ነው። ሶሌታው፣ ማለትም የፎቁ ኮንክሪት ወለል፣ ከሥሩ ተሰነጣጥቋል። ካርበን ፋይበር፣ ያ ኮንክሪት ለማጠናከር የሚለጠፈው ጨርቅ፣ ቢለጠፍበት ጭነቱን ይችላል ወይ ነው ያልከው።

ለመጋዘን ከሆነ ጨርቁን ብቻ አትመን። መኖሪያ ቤት በካሬ ሜትር ወደ 200 ኪሎ ጭነት ታስቦ ነው የሚሠራው። በአውሮፓ የግንባታ ደንብ (ዩሮኮድ) መጋዘን ከ750 ኪሎ ይጀምራል። ጨርቁን የያዘው ደግሞ ኢፖክሲ የሚባለው ተቀላቅሎ የሚደርቅ ማጣበቂያ ነው። ኢፖክሲ አብዛኛውን ጊዜ ከ60 እስከ 80 ዲግሪ ሲደርስ ይልፈሰፈሳል። እሳት ከተነሳ ጨርቁ የለም ብለህ ቁጠር። ለዚህ ነው የአሜሪካ ኮንክሪት ኢንስቲትዩት መመሪያ ሶሌታው ጨርቁ ቢጠፋም እንዳይወድቅ የሚጠይቀው። መጋዘን ላይ ደግሞ ያለ ጨርቁ መቆም ያለበት አዲሱን ጭነት ሙሉውን ይዞ ነው። ለመኖሪያ የተሠራ ሶሌታ ይህን ያልፋል ብዬ አላስብም። እህሉን ምድር ቤት አድርገው፤ ካልሆነም ከሥር የብረት ቢም ይግባለት። ኮለኑና መሠረቱም ይታይ።

ፎቁ መኖሪያ ሆኖ ከቀጠለና ጉድለቱ ትንሽ ከሆነ ግን ጨርቁ ጥሩ ነገር ነው። እኔ ከዚራ አካባቢ አንድ ቢሮ ላይ ሠርቼበታለሁ። ግንቦት ነበር፣ የድሬን ግንቦት ታውቀዋለህ። ኢፖክሲውን እኩለ ቀን ላይ ቀላቀልነው። ባልዲው ውስጥ እያለ ጋለና ደረቀ። ቸኩለን ነበር የለጠፍነው። በማግስቱ በመዶሻ ቀስ እያልን ስንመታው ባዶ ባዶ ጮኸ። ስንገነጥለው ከጀርባው ልስን ይዞ መጣ። ለካ ልስኑ በደንብ አልተነሳም! ያ ሁሉ ውድ ዕቃ ተጣለ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ሁለተኛውን ዙር ከንጋቱ 11 ሰዓት ጀምረን 3 ሰዓት ላይ አቆምን። በትንሽ በትንሹ ቀላቀልን። ጠጠሩ እስኪታይ በግራይንደር ፈጨነው፣ አቧራውን በማሽን ሳብነው። ከ0.3 ሚሊ ሜትር የሰፋ ስንጥቅ ውስጥ ቀድመን ኢፖክሲ ወጋን። የመንቀል ሙከራም አስደረግን፤ ኮንክሪቱ ላዩ ሲሳብ ሳይነቀል ቢያንስ 1.4 ሜጋፓስካል መቻል አለበት። ከዚያ በታች ከሆነ ጨርቁ የኮንክሪቱን ቆዳ ይዞ ይወርዳል።

አንድ ነገር ልለምንህ። ፌሮው ዝጎ ኮንክሪቱን እየገፋው ከሆነ ማንም ጨርቅ እንዳይለጥፍብህ። ዝገቱ ከሥሩ መብላቱን ይቀጥላል፤ አንተ ደግሞ አታየውም። ልስኑን አንሳና ስንጥቁን ከሜትር ጋር ፎቶ አንስተህ እዚሁ ላክልን።