ፓምፑ በፀሐይ ሲሠራ ውሃውስ?

ልጆች፣ እኔ ጡረታ የወጣሁ የጉድጓድ ውሃ ባለሙያ ነኝ። ዕድሜዬን የፈጀሁት ድሬዳዋና ሐረርጌ ውስጥ ነው። ጂኦሎጂ፣ መስኖና ሶላር የምትማሩ በዝታችኋልና አንድ ነገር ልንገራችሁ።

ትምህርት ቤት ነዳጅና ማዕድን አላቂ፣ ውሃና ደን ታዳሽ ተብሎ ይነገረናል። ለፈተና ይበቃል፣ ለሥራ ግን አይበቃም። ድሬን ተመልከቱ። ከጣሊያን ጊዜ ጀምሮ ሲሚንቶ የሚመረትበት የኖራ ድንጋይ ባሕር ሥር በሚሊዮን ዓመታት የተሠራ ነው። አንዴ ከተፈጨ አይመለስም። ግን ተራራው ሙሉ ነው፤ እናንተም ልጆቻችሁም አትጨርሱትም። ታዳሽ የተባለው የሐሮማያ ሐይቅ ግን በ1990ዎቹ አጋማሽ ዓይናችን እያየ ደረቀ። ሐረር ትጠጣው ነበር፣ ገበሬው ለጫትና ለአትክልት በፓምፕ ይስበው ነበር፣ ከተራቆተው ተዳፋት የሚወርደው ደለልም ይሞላው ነበር። ዝናቡ እኮ አልቀረም። የወጣው ከገባው በለጠ፣ በቃ። ከዚያ በኋላ የሐረር ውሃ ከድሬ ቆላ፣ ከሐሰሊሶ ጉድጓዶች መምጣት ጀመረ። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሐረር ደግሞ ከ1,800 በላይ፤ ስለዚህ ውሃው በኤሌክትሪክ እየተገፋ ተራራ ሽቅብ ይወጣል። ወጪውን አስቡት! ባለፉት ዓመታት ሐይቁ መመለስ ጀምሯል፣ ደስ ይላል፣ የውሃ አሳሳባችን ካልተለወጠ ግን ታሪኩ ያው ነው።

የድሬ ጉድጓዶችም ቢሆኑ በአብዛኛው የሚሞሉት ደጋው ላይ በሚዘንበው ዝናብ ነው። ዛፍ ያለበት ተዳፋት ውሃውን ቀስ አድርጎ ወደ ድንጋዩ ስንጥቅ ያሰርገዋል፤ የተራቆተው ደግሞ ድሬን በሚያቋርጠው በደቻቱ ወንዝ በኩል ይለቅብናል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ገድሏል።

አሁን ሁሉም ሶላር ይላል። ጥሩ ነው፣ የድሬን ፀሐይ ማን ይጠላል (በግንቦት ቀትር ካልሆነ በቀር)። ግን ልብ በሉ፤ በናፍጣ የሚስብ ገበሬ ናፍጣ ሲወደድበት ፓምፑን ያጠፋል። በሶላር የሚስበውስ ምን ብሎ ያጠፋል? ፀሐይዋ በነፃ ናት፣ ፓምፑ ከጠዋት እስከ ማታ ሲስብ ይውላል፣ የማያልቀው ጉልበት ውሃውን ይጨርሰዋል። ሶላር አትትከሉ ማለቴ አይደለም፤ እንዲያውም ትከሉ።

ሥራ ስትይዙ ግን ፓኔሉ ስንት ዋት ነው ከማለታችሁ በፊት ጉድጓዱ በሰዓት ስንት ይሰጣል፣ ክረምቱ ሲያልፍስ የውሃው ልክ ወደ ቦታው ይመለሳል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። የውሃ ቆጣሪ ሳይገጠምለት አትረከቡ። በየወሩ ጥልቀቱን የሚለካ አንድ የሰፈር ልጅ አሠልጥኑ። ምልክት ያለው ገመድና ክብደት ይበቃዋል፣ መሣሪያ እስኪገዛ ብላችሁ አትጠብቁ። የሚጽፍበትን ደብተር ግን እዚያው ከጥበቃው ጋር አስቀምጡት፤ ቢሮ ከገባ ማንም አያየውም።